ጎሚስታው የወደቀበት ቦታ

ወንድሜን ሰፈሩ ሁሉ ባለቁልፉ ይለዋል። የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ስለሆነ ወገቡ ላይ የቁልፍ መዓት ያንጠለጥላል፤ እሱ ከመምጣቱ በፊት ድምፁ ይመጣል። «አንተ ምን ዓይነት ዘበኛ ነህ? ሌባው ድምፅህን ሰምቶ፣ ጫማውን አስሮ፣ እጁን ታጥቦ እኮ ነው የሚሄደው» እለው ነበር። ይስቃል። በእኔ ላይ ተቆጥቶ አያውቅም። እናታችን ስትሞት እሱ አሥራ ስድስት፣ እኔ ዘጠኝ ዓመታችን ነበር። አሳደገኝ፣ አስተማረኝ፣ ዳረኝ፤ ራሱ ግን ሳያገባ ቀረ። «የአንቺን ምላስ ሰምታ ማን ደፍራ ትመጣለች?» ይለኛል። እውነቱን ነው። ምላሴን አውቀዋለሁ። እጄም ከምላሴ አይተናነስም፤ ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ እንዳትደነግጡብኝ ነው።

የማወራችሁ ስለ አትክልቱ ቦታ ነው፤ ቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ውስጥ ስላለው፣ እንግዳ የመጣ ሁሉ ፎቶ ስለሚያነሳው። «እንዴት ያምራል! ግን መንገዱ ለምን እንዲህ ተጣመመ?» ይላሉ። መንገዱ የተጣመመው ሰው ተሰልፎ ስለማይሞት ነው። እያንዳንዱ ተክል የቆመው አንድ ሰው በወደቀበት ቦታ ላይ ነው።

በጦርነቱ ዓመት፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ታጣቂዎቹ ሲቃረቡ የቻለ ሸሸ፤ ያልቻለ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ገባ። ግንቡ ወፍራም፣ ዋናው በር ድፍን ብረት ነው። «እዚህማ አይደፍሩም» ተባባልን። ወንድሜ ዋናውን በር ቆልፎ በግንድ ደገፈው። መጡ፣ ደበደቡት፣ በሩ ነቅነቅ አላለም። ከዚያ ድብደባው ቆመ። «ሄዱ!» ብሎ ያጨበጨበም ነበር። ወዲያው ከኋላው በር በኩል ጩኸት ሰማን። የኋላው በር የብረት ፍርግርግ ነው፤ በሰንሰለትና በጓጉንቸር ነው የሚቆለፈው። ቅርብ የነበርነው ሴቶች ወደ ደወል ቤቱ ሮጥን። ወንድሜ ተከትሎን ገብቶ የብረቱን መዝጊያ ከውስጥ ቀረቀረው። እኛ እንደገባን እነሱም ግቢው ውስጥ ገቡ።

የደወል ቤቱ ግድግዳ ላይ የአንድ ጡብ ስፋት ያለው ቀዳዳ አለ። በዚያ አየሁ። ምናለ ባላየሁ! ገጀራ ይዘው ነበር፤ ጠመንጃውን የተኮሱት የሚሮጥ ሰው ላይ ብቻ ነው። አምስት ሽማግሌዎችን ግንቡ ሥር አቁመው አንድ በአንድ አረዷቸው፤ አምስተኛው ተራቸው እስኪደርስ ኮፍያቸውን አውልቀው ይዘው ቆመው ነበር። አንዲት እናት ልጇን ከሥሯ አድርጋ ተደፋች። ሁለቱንም በአንድ ምት። ባሌ ልብስ ሰፊ ነበር። የሰው ልኬት የሚወስድበት ሜትር አንገቱ ላይ እንዳለ ከውሃው ታንከር አጠገብ ጣሉት። ልጮህ ስል ወንድሜ አፌን በመዳፉ አፈነኝ፤ ነከስኩት፤ እጁ እየደማ አልለቀቀኝም። ሠላሳ አንድ ሰው ሞተ።

ሠላሳ ሁለተኛውም ነበር። እሱን ግን ያኔ አልቆጠርነውም።

እሱ ጎሚስታው ነው። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ቀኑን ሙሉ ጎማ ሲለጥፍ የሚውል፣ ያለፈች ያገደመችውን ሁሉ ሲለክፍ የሚያመሽ። ሬሳውን ያገኘነው የኋላው በር ሥር ነው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ጓጉንቸሩ የለም፣ ሰንሰለቱ ልጁ እጅ ላይ ነው። አንዱ ተነስቶ «እሱ ነው የከፈተላቸው!» አለ። «ከፍቶላቸው ሲያበቃ እሱንም ገደሉት፤ የእጁን አገኘ!» አለ ሌላው። ወንድሜ እዚያው አንገቱን ደፍቶ ቆሞ ነበር። «ባለቁልፉማ ሁሌ ይቆልፋል፤ በዓይናችን እናየዋለን» አሉ። የዚያን ቀን ማንም ሰው ማሰብ አልፈለገም፤ የሚረገጥ ሰው ነበር የፈለግነው። ሬሳውን ረገጡት። እኔም ረግጫለሁ። ሰንሰለቱ ለበሩ ያስፈልጋል ተብሎ ከግራ እጁ ላይ የፈታሁትም እኔ ነኝ፤ ሁለት ዙር ተጠምጥሞ ሥጋው ውስጥ ገብቶ ነበር። እየተሳደብኩ ፈታሁት።

እናቱ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናቸው። አንሶላ በሚገፉበት ጋሪ መጡ። አንድም ሰው አላገዛቸውም። ልጃቸውን ብቻቸውን እየጎተቱ ጫኑት፤ ሁለት ጊዜ ከጋሪው ወደቀባቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አይቀበርም ስለተባለ ይዘውት ሄዱ፤ የት እንደቀበሩት እስከ ዛሬ ጠይቄያቸው አላውቅም።

ከሳምንታት በኋላ አንድ ቀን ጠዋት ወንድሜ ችካልና መዶሻ ይዞ ወጣ። «እዚህ አናጢው፣ እዚህ የትምህርት ቤቷ ጸሐፊ፣ እዚህ እናትና ልጅ» እያለ ሠላሳ አንድ ችካል መታ። ሁሉንም ያነሳው እሱ ስለሆነ ቦታቸውን ያውቃል። መሬቱ ጠጠር ነበር። በዶማ ቆፈረው፣ ፍግ ከየበረቱ በጀርባው ተሸከመ፣ ጥቁር አፈር ከወንዝ ዳር በጋሪ አመላለሰ። ዘመድ የፈለገውን ተክል ያመጣል፣ እሱ ይተክላል። ለእናትና ልጇ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ሁለት ጽጌረዳ ተከለ። ለባሌ ነጭ ጽጌረዳ አመጣሁ። አንድ ደንብ አወጣ፦ ሁሉም የራሱን ሟች ያጠጣል፣ የሰው ሟች አይነካም፤ ዘመድ የሌላቸውን እሱ ያጠጣል። የእኔን ጽጌረዳ ግን «ውሃ ብቻ አጠጪው፤ ሥሩን እኔ እኮተኩተዋለሁ፣ አንቺ እጅሽ ከባድ ነው» አለኝ። ባሌን ይወደው ስለነበር ነው ብዬ እሺ አልኩት።

የጎሚስታው እናት ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ። በዘይት ጣሳ ችግኝ ይዘው የኋላው በር ሥር፣ ልጃቸው የወደቀበት ቦታ ላይ ይተክላሉ። «አንድ ክንድ መሬት ብቻ ስጡኝ። ልጄ እዚህ ነው የሞተው፤ ሌላ ምንም አልፈልግም» ይላሉ። ሌላ ምንም ፈልገው አያውቁም። ወንድሜ ነቅሎ ይጥለዋል። በጫማው ይረግጠዋል። አንድ ቅዳሜ ይተክላሉ፣ ሰኞ ይነቀላል፤ እንደገና ይተክላሉ። አንዴ ነቅሎ ሲያበቃ ከዕቃ ቤቱ ኋላ ሄዶ ሲያስመልሰው አየሁት። ንዴት መስሎኝ ውሃ አቀበልኩት።

በአራተኛው ዓመት እኔ ራሴ ደረስኩባቸው። ተንበርክከው ሲተክሉ ደሜ ፈላ። «አንቺ ሴትዮ፣ ባሌን ያስበላው ልጅሽ ባሌ አጠገብ ሊያብብ ነው?» አልኳቸው። ቀና ብለው «ልጄ አልከፈተም» አሉኝ። ያው ነው ሁሌም መልሳቸው። ድንጋይ አነሳሁ። ልስታቸው አልሞከርኩም። ግንባራቸው ተፈነከተ፣ ደሙ ዓይናቸው ውስጥ ገባ፤ እሳቸው ግን በጭፍን እየዳበሱ የችግኙን አፈር ጠቀጠቁ። ሰዎች አጨበጨቡልኝ። አፈር ልብላ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

የስድስተኛው ዓመት መታሰቢያ ሲቃረብ የእኔ ጽጌረዳ መድረቅ ጀመረ። ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ ረገፈ። ወንድሜን «ሥሩን አንድ ነገር ይዞታል፤ አውጥተን እንየው» ስለው «ተይው!» ብሎ ጮኸብኝ። በሕይወቴ ተቆጥቶኝ አያውቅም አላልኳችሁም? እንዴ! እኔ ደግሞ ተይ ሲሉኝ ነው የሚብስብኝ። ገበያ እስኪሄድ ጠብቄ አካፋውን አነሳሁ። አንድ ክንድ ሳልቆፍር ብረቱ ብረት መታ። በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ነው። ፈታሁት። ጓጉንቸር። ዝጎ የተጣበቀ ቁልፍ ውስጡ ተሰክቶበታል። ቀለበቱ ክፍት ነው፤ አልተሰበረም፣ አልተፈለቀቀም፤ እንዲሁ ክፍት።

እጄ ላይ እንደያዝኩት ወንድሜ መጣ። የቁልፎቹ ድምፅ ቀደመው። ጓጉንቸሩን ሲያይ የገዛውን ሁሉ ጥሎ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

የረገፈውን ቅጠል ይለቅም ጀመር።

«አንተን እኮ ነው! ምንድን ነው?»

«የኋላው በር ነው» አለ። «ዝጎ ነበር። ቁልፉ ገብቶ አልዞር፣ አልወጣ አለ። ለቄሱ ነገርኳቸው፤ ‹ይለወጣል› አሉኝ። እስኪለወጥ ብዬ ሰንሰለቱን ጠምጥሜ ጓጉንቸሩን እንዲሁ አንጠለጥለው ነበር። ከሩቅ የተቆለፈ ይመስላል። ስምንት ወር ማንም አልነካውም። እኔም ለመድኩት። የዚያን ቀን ስለ ዋናው በር ብቻ ነበር የማስበው፤ ረሳሁት እህትዓለም፣ ረሳሁት።»

«ጎሚስታውስ?»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «እሱ ነው ያየው። ‹ባለቁልፉ፣ ይሄ እኮ ክፍት ነው!› ብሎ ጮኸ። ስዞር ሰንሰለቱን እጁ ላይ ጠምጥሞ፣ እግሩን ግንቡ ላይ ተክሎ፣ እነሱ ወደ ውጭ የሚስቡትን በር ወደ ውስጥ ይጎትታል። በፍርግርጉ መሃል በገጀራ ይቆርጡታል፤ እሱ ይጎትታል። ትከሻው ተንጠልጥሎ እንኳ አልለቀቀም። ሁለት ደቂቃ ያህል ያዘው። እናንተ ደወል ቤት የገባችሁት በዚያ ሁለት ደቂቃ ነው። እኔም።»

አካፋውን አነሳሁ። በጠፍጣፋው ጀርባውን አልኩት፤ ደገምኩት፤ ሦስተኛው ላይ እጀታው ተሰበረ። አልተከላከለም፣ ኡ አላለም። «ስድስት ዓመት!» እያልኩ በስባሪው እመታዋለሁ። «ስድስት ዓመት በባሌ ጽጌረዳ ሥር! ለምን ወንዝ አልጣልከውም? ለምን እዚህ?»

«ከሁላችሁም በፊት ወጥቼ ከበሩ ሥር አነሳሁት። ልጥለው ሄጄ ነበር። ድልድዩ ላይ ቆሜ እጄ እምቢ አለኝ፤ ሠላሳ ሁለቱንም ሰው አብሬ የምጥል መሰለኝ። ከዚያ አንቺ የማትቆፍሪበት ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ እኔ አትንኪው ያልኩሽ ቦታ።»

እርር ድብን አልኩ። ያሳደገኝ ሰው ነው። ጫማዬን አስሮልኝ ትምህርት ቤት የሸኘኝ ሰው ነው። ባሌን ያስገደለውም እሱ ነው፤ አንዲት እናት ስድስት ዓመት በድንጋይ ስትባረር አንገቱን ደፍቶ ያየውም እሱ ነው። አንዱን ስይዝ ሌላው ያመልጠኛል።

«ከተናገርሽ ይገድሉኛል» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት።

ሦስት ቀን በአንድ ቤት ሳንነጋገር ኖርን። ጓጉንቸሩን ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት፤ በተራመድኩ ቁጥር ጭኔን ይመታኛል። በመታሰቢያው ቀን ጠዋት ልብሱን ለባብሶ በሩ ላይ ቆመና «እኔ እነግራቸዋለሁ። ልክ አይደለሁም?» አለኝ። «ልክ ነህ» አልኩት። ቁልፎቹን ከወገቡ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣቸው። ያለ ድምፅ ሲሄድ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ቄሱ ሠላሳ አንዱን ስም አነበቡ። ሁሉም በየጣሳው የራሱን አጠጣ። የጎሚስታው እናት እንደ ሁልጊዜው ከኋላው በር ውጪ ቆመዋል፣ የዘይት ጣሳቸውን አቅፈው። ወንድሜ ወደ መሃል ወጣ። አፉን ከፈተ። ድምፅ አልወጣውም። እንደገና ሞከረ፤ አቃተው። «ምን ሆነ ይሄ ሰውዬ?» ተባለ። ያን ጊዜ ጓጉንቸሩን ከኪሴ አወጣሁና ከጭንቅላቴ በላይ ያዝኩት። ሁሉንም ተናገርኩ፤ ስምንቱን ወር፣ ሁለቱን ደቂቃ፣ የተቀበረበትን ቦታ። አንድም ነገር አላስቀረሁም።

ከዚያ ሥጋ ሻጩ፣ ከአምስቱ ሽማግሌዎች የአንዱ ልጅ፣ የብረት ማጠጫውን አንስቶ ወንድሜን ፊቱ ላይ መታው። አፍንጫው ሲሰበር ተሰማ። ሲወድቅ ሁሉም መጣበት። ችካል እየነቀሉ መቱት። የሟች ዘመዶች ለድብደባ ሲጋፉ የሟቾቻቸውን አበባ በእግራቸው ጨፈለቁ፤ የእናትና የልጇን ጽጌረዳ ከነሥሩ ገነደሱት። ግራ ክንዱ ወደማይታጠፍበት ታጠፈ። አንድ ድንጋይ ዓይኑን አገኘው። እኔስ? ቆሜ አየሁ። ይበለው እያልኩ አየሁ። ከዚያ ደም በደም በሆነው ፊቱ መሃል አፉ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ስሜን ነበር የሚጠራው፤ ልጅ ሆኜ በሚጠራኝ ስም። አላስቻለኝም። ላዩ ላይ ተደፋሁ። ጀርባዬን መቱኝ፣ ጎድኔ ተሰበረ፤ እኔም ያገኘሁትን እግር ሁሉ ነከስኩ።

«ተውት!»

ድምፁ ከኋላው በር ነው። የጎሚስታው እናት ገብተዋል። ሰው ሁሉ ለሁለት ተከፈለላቸው። ዓይናቸውን ማንም ማየት አልቻለም። ሥጋ ሻጩ የያዘው ችካል ከእጁ ወደቀ።

«ከገደላችሁት ማን ይቆፍርልኛል?» አሉ።

ወንድሜ አጠገብ ቆሙ። ምሕረት መስሏችሁ እንዳይሆን። በቀኝ እጁ ጎትተው አስነሱትና እስከ በሩ ድረስ እየገፉ ወሰዱት። ዶማ አቀበሉት። በአንድ እጁ ቆፈረ፤ አንድ ይቆፍራል፣ ይወድቃል፣ ይነሳል። ደሙ ጉድጓዱ ውስጥ ይንጠባጠባል። አንዱ ሊያግዘው ቢጠጋ «ዞር በል!» አሉት። አንድ ክንድ እስኪሞላ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ችግኛቸውን ከጣሳው አውጥተው ተከሉና አፈሩን ድንጋይ በወረወርኩባቸው ቀን እንዳደረጉት ጠቀጠቁት።

ጎድኔን ይዤ አጠገባቸው ደረስኩ። የእኔ ድንጋይ ጠባሳ ግንባራቸው ላይ አለ።

«ሰንሰለቱ እጁ ላይ ነበር አሉኝ። እኔ ስመጣ አልነበረም። እንዴት ነበር?» ብለው ጠየቁ፤ ማንን እንደጠየቁ ግን አላውቅም።

«ግራ እጁ ላይ ነበር» አልኳቸው። «ሁለት ዙር ተጠምጥሞ። ጠብቆ ነበር።»

ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ በምን አወቅሽ?»

«እኔ ነኝ የፈታሁት።»

«በር ሊከፍት የፈለገ ሰው ሰንሰለቱን እጁ ላይ ይጠመጥማል?»

«አይጠመጥምም።»

«ያን ቀን ይህ አልታየሽም?»

አልታየኝም ብል ማን ይከሰኛል? ጥፋቱ ሁሉ የወንድሜ ሆኖ ይቀር ነበር።

«ታይቶኝ ነበር» አልኳቸው። «እየፈታሁት ታይቶኝ ነበር። ከዚያ ተውኩት። የምጠላው ሰው ያስፈልገኝ ነበር። ድንጋዩን ስወረውርብዎትም አውቅ ነበር።»

በጥፊ መቱኝ። አንሶላ ሲያጥብ የኖረ እጅ ነው፤ ጆሮዬ ጭው አለ፣ አፌ በደም ተሞላ። ደገሙኝ። ሦስተኛውን ስጠብቅ ጎንበስ ብለው ባዶውን የዘይት ጣሳ አነሱና ደረቴ ላይ ገፉት።

«የሰው ሟች አይነካም አይደል የምትሉት?» አሉ። «የእኔን አንቺ ነሽ የምታጠጪው። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ አያለሁ።»

ጣሳውን ይዤ የባሌ ጽጌረዳ ወደነበረበት፣ ወደ ታንከሩ ሄድኩና ውሃ ቀዳሁ።